ከቫይረስ ነፃ መሆኑ በክብ ማኅተም ስለተረጋገጠው ፍላሽ

ተገኙ። አንድም ሳይጎድል ሁሉም ተገኙ። የአሥራ አንድ ዓመት ጽሑፌ፣ የሰዉ ማመልከቻ፣ የሰዉ ውል፣ የሰዉ የሠርግ ጥሪ፣ ጠፋ ተብሎ የተለቀሰለት ሁሉ እዚያው ኮምፒውተሬ ውስጥ ተደብቆ ኖሮ ወጥቷል። ኮምፒውተሬም ድኗል። ይህን ሳልናገር በሰላምታ ልጀምር ብል እጄ እምቢ አለኝ፤ ይቅርታ ይደረግልኝና አሁን ወደ ወጉ እገባለሁ።

ሚያዝያ 20 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለተከበሩ አቶ ወልደዮሐንስ በኃይሉ
የቅጽና ማስረጃ ክፍል ኃላፊ
ነቀምቴ

ክቡርነትዎ፣ እንደምን ሰነበቱ፤ በሰፈራችንም ቋንቋ አካም ጅርቱ እላለሁ። እርስዎ፣ ባለቤትዎ፣ ልጆችዎ እንዲሁም ክብ ማኅተምዎ በሙሉ ጤንነት ላይ እንደምትገኙ ተስፋ አደርጋለሁ። የመሥሪያ ቤትዎን ኮምፒውተር ጤና ግን አልጠይቅም፤ እሱን ከእርስዎ ይልቅ እኔ አውቀዋለሁና ወደ በኋላ እነግርዎታለሁ።

ላላወቀኝ አንባቢ፣ እኔ ወይዘሮ ሐረግወይን እሸቱ እባላለሁ፤ ከክቡርነትዎ መሥሪያ ቤት መንገዱን ተሻግሮ ያለችው የ«ሐረግ ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ» ባለቤት ነኝ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ በጽሕፈት መኪና ጀመርኩ፤ ከዚያ ኮምፒውተር ሲመጣ ከሱ ጋር ተለማምጄ ይኸው አርጅተናል። ገበሬው፣ ነጋዴው፣ ጡረተኛው፣ እመት እንደማለት፣ «አዴ ሐረግ፣ እስቲ ይህቺን ጻፊልኝ» እያለ ነው የሚገባው። ይገባ ነበር ማለቴ ነው። ላለፉት ሰባት ሳምንታት ወንበሬ ላይ ተቀምጬ ቀና ባልኩ ቁጥር የማየው አንድ ነገር ነው፤ በመሥሪያ ቤትዎ በር ላይ፣ በትልልቅ ፊደል፣ እንዲህ የሚል ማስታወቂያ ተለጥፏል፦ «በሐረግ ጽሕፈት ቤት ኮምፒውተር ላይ የተሰካ ፍላሽ ቫይረስ ስላለበት አንቀበልም።» ፊደሉ በጣም ስለሚያምር መነጽር እንኳን ሳላደርግ አነበዋለሁ። ለዓይኔ ስላሰቡልኝ አመሰግናለሁ። ደንበኞቼም መነጽር አላስፈለጋቸውም፤ ከበርዎ አንብበው ቀጥታ ወደ ላይኛው ሰፈር ፎቶ ኮፒ ቤት ነው የሚሄዱት።

ይህ ደብዳቤ ግልጽ የሆነውም ለዚሁ ነው። ስሜ የጠፋው በአደባባይ ስለሆነ የሚመለሰውም በአደባባይ ነው። አቤቱታዎቼን እንደ መሥሪያ ቤትዎ ሥርዓት በተራ ቁጥር አቅርቤያለሁ።

1ኛ. «ፍላሽ ይዛችሁ ኑ» ስለሚለው መመሪያዎ።

በጥቅምት ወር የፕሪንተራችሁ ቀለም አለቀ። ሌላ ሰው ቢሆን ቀለም ይገዛ ነበር፤ ክቡርነትዎ ግን አርቀው አሰቡና ቅጽ የሚፈልግ ባለጉዳይ ሁሉ ፍላሽ ይዞ እንዲመጣ፣ ቅጹን ገልብጦ ውጭ እንዲያሳትም አዘዙ። በዚህም ምክንያት ከሲሬ ገጠር በእግሩ ወደ ዋናው መንገድ ወጥቶ መኪና የሚይዝ፣ በቤቱ ኮምፒውተር ይቅርና መብራት የሌለው ገበሬ፣ ከቤት ቁልፉ ጋር ፍላሽ አንጠልጥሎ መሄድ ጀመረ። ለስልጣኔያችን ስላደረጉት አስተዋጽኦ ምስጋናዬ የላቀ ነው። በቀን መቶ ፍላሽ በአንድ ኮምፒውተር እየተሰካ መነቀሉ ግን፣ ለመንደሩ ሁሉ በአንድ ማንኪያ መድኃኒት እንደማጠጣት መሆኑን ማንም አልነገርዎትም መሰለኝ። አንዱ ያሳለው ለሁሉም ይደርሳል።

ለእኔም ደረሰኝ። እኔ ራሴ ጥቅምት 11 ቀን በራሴ ፍላሽ ቅጽዎን ገልብጬ መጣሁ፤ ከዚያን ቀን በኋላ ኮምፒውተሬ ይከብደው ጀመር። ለወትሮው ነጠላዬን አውልቄ እስክሰቅል የሚነሣው ማሽን፣ አብርቼው ገበያ ደርሼ ብመለስ ገና እያሰበ ነው። ምንም ሳልሠራበት ማራገቢያው እንደ ወፍጮ ቤት ይጮሃል። ኢንተርኔት ስከፍት ያልጠራሁት ገጽ ቀድሞኝ ይቀመጣል። ኋላ ላይ ደግሞ ፎልደሮቼ በሙሉ ጥጋቸው ላይ ትንሽ ጎባጣ ቀስት አወጡ፤ ስከፍታቸው ጥቁር መስኮት ብልጭ ብሎ ይጠፋና ውስጣቸው ባዶ ነው። ሐቁን ልናገር፣ እኔም ጥፋት አለብኝ፤ አንቲቫይረሱ «አድሰኝ» ባለኝ ቁጥር «ቆይ በኋላ» ስለው ሁለት ዓመት አልፎታል። እኔ ግን ጥፋቴን በማንም በር ላይ አልለጠፍኩም።

2ኛ. ስለ ሠላሳ ሰባቱ ቫይረሶች።

ማስታወቂያው በተለጠፈ ማግስት አቤት ልል ቢሮዎ ስገባ ያሳዩኝን መቼም አልረሳውም። ስክሪንዎ ላይ ደም የመሰለ ቀይ መስኮት ተከፍቶ፣ ጥሩምባ የመሰለ ድምፅ እያሰማ፣ ሠላሳ ሰባት ቫይረስ እንዳለብዎ ይናገራል፤ ከሥሩ «አሁኑኑ አጽዳ» የሚል አረንጓዴ ቁልፍ አለ። እርስዎም ቁልፉን በኩራት ተጫኑና ወደኔ ዞረው እንዲህ አሉኝ፦

«አየሽ፣ የእኛ አንቲቫይረስ ይናገራል። ያንቺ አንድ ቀን እንኳን ነግሮሽ ያውቃል?»

«አንቺ» ያሉኝን ለቅርበት ቆጥሬዋለሁ። ያን ዕለት መንገዱን ተሻግሬ ተመለስኩ፤ እውነትም የእኔው ነግሮኝ አያውቅም ነበር። ሐሳብ የገባኝ በሳምንቱ ነው፤ ዳግመኛ አቤት ልል ስመጣ ሠላሳ ሰባት ናቸው። በሌላው ሳምንትም ሠላሳ ሰባት። በየቀኑ እየጸዱ አይቀንሱም፣ በየቀኑ መቶ ፍላሽ እየገባ አይጨምሩም። የመንግሥት መደብ እንኳን እንዲህ አይጸናም።

አኖ ከተማ ኮምፒውተር የምታስተምረው የልጅነት ጓደኛዬ ኬኔ ያደታ ይህን በስልክ ስነግራት ለረጅም ጊዜ ሳቀች። እንደሷ አባባል እውነተኛ አንቲቫይረስ በኢንተርኔት ገጽ ውስጥ ቆሞ አይጮህም፣ አያጣድፍም፣ በአንድ ቁልፍም አድንሃለሁ አይልም። ያ ቀይ መስኮት ማስታወቂያ ነው፤ አረንጓዴው ቁልፍ ደግሞ በሽታው ራሱ የሚገባበት በር ነው። እንግዲህ ክቡርነትዎ ለሰባት ሳምንታት፣ በየጠዋቱ፣ በሥራ ሰዓት፣ በገዛ ጣትዎ ሲያስገቡት የነበረው እሱን ነው። ለሥራ ያለዎትን ትጋት የሚጠራጠር ካለ ይህን ያንብብ።

ሦስተኛውን አቤቱታ ለመጨረሻ አቆይቼዋለሁ። ቅር እንደማይልዎ አውቃለሁ፤ መሥሪያ ቤትዎ ሦስተኛውን ወረፋ ዘሎ አምስተኛውን ሲጠራ እኛም ለምደነዋል።

4ኛ. ስለታሸጉት የፍላሽ ቀዳዳዎች።

ቫይረሱ እንዳይዛመት ኮሚቴ አቋቁመው፣ ኮሚቴው ሁለት ቀን ተሰብስቦ፣ በኮምፒውተሩ ፊት ለፊት ያሉት ሁለት የፍላሽ ቀዳዳዎች በወረቀት እንዲታሸጉ መወሰኑን በአድናቆት ሰምቻለሁ። በዓይኔም አይቻለሁ፦ ወረቀቱ ተለጥፏል፣ በላዩ ቀን ተጽፏል፣ ፊርማ አለ፣ ክብ ማኅተምም አርፎበታል። እንዲህ ያለ ማኅተም ያየ ቫይረስ ደንግጦ ይመለሳል ብሎ ማሰብ ያስመሰግናል። ፀሐፊዎ ወይዘሪት ብፅዓትም የታዘዘችውን አክብራ፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ የባለጉዳዩን ፍላሽ ሁሉ የምትሰካው በኮምፒውተሩ ጀርባ በኩል ባሉት አራት ቀዳዳዎች ነው። እሷን አልወቅስም። ውሳኔው ስለ ጀርባው ምንም አይልም።

5ኛ. «ፎርማት ስለመደረጉ ማስረጃ ይቅረብ» ስለሚለው ደብዳቤዎ።

ማስታወቂያው እንዲነሣልኝ በጽሑፍ ስጠይቅ በጽሑፍ መለሱልኝ፤ ለዚህ ክብር አመሰግናለሁ። መልስዎ አጭር ነበር፦ ኮምፒውተሬን ፎርማት አስደርጌ፣ ያለው ሁሉ ስለመደምሰሱ ማስረጃ ሳላመጣ ማስታወቂያው አይነሣም። በከተማው ያሉ ጠጋኞችም ሳያዩት «ፎርማት ነው» አሉኝ። ክቡርነትዎ፣ እዚያ ውስጥ እኮ የእኔ ብቻ አይደለም ያለው። ጎረቤቴ ወይዘሮ ምንትዋብ በባላቸው ጡረታ ጉዳይ ለሦስት ዓመት የተጻጻፉት ሁሉ እዚያ ነው፤ ወረቀቱን ዝናብ በልቶባቸው የቀረው የእኔ ጋ ያለው ብቻ ነው። ምርጫው እንግዲህ ይህ ነበር፤ ወይ የሰዉን ጉዳይ ደምስሼ ስሜን ላድን፣ ወይ የሰዉን ጉዳይ ታቅፌ ከነስሜ ልዘጋ። ሌሎች መሥሪያ ቤቶች ለባለጉዳይ ምርጫ አይሰጡም፤ እርስዎ ሁለት ሰጡኝ።

እኔ ሦስተኛውን መረጥኩ። ኬኔ ጋ መሄድን።

ኬኔ የፈተና ሳምንት ስለሆነ ከአኖ መውጣት አልቻለችም፤ ስለዚህ ማሽኑን ይዤ እንድመጣ፣ ከሱም ጋር አንድ ነገር እንዳመጣ አዘዘችኝ፦ አዲስ ፍላሽ፣ የእኔን ኮምፒውተር በዓይኑ ያላየ፣ የእርስዎ መሥሪያ ቤት ብቻ የነካው። እኔ ፍላሽ ይዤ በርዎን መርገጥ ስላልተፈቀደልኝ ወይዘሮ ምንትዋብን ለመንኩ፤ እሳቸውም ቅጽ ያስፈልጋቸው ነበር። ከነጋዴው ከአቶ ሽብሩ ሱቅ ከነእሽጉ ገዝተው፣ እሽጉን ወይዘሪት ብፅዓት ፊት ቀደዱ። ቅጹ በጀርባው ቀዳዳ ተገለበጠላቸው።

እዚህ ላይ ክቡርነትዎ ውለታ ዋሉልኝ፤ ዕድሜ ልኬን አልረሳልዎትም። የእርስዎ ንጹሕ ቅጽ በመንገድ ላይ በእኔ ቤት እንዳይበከል በማሰብ፣ ከማስታወቂያው ወዲህ የሚወጣውን ፍላሽ ሁሉ በፖስታ ማሸግ ጀምረው ነበር። የወይዘሮ ምንትዋብንም እንደ ደንቡ ፖስታ ውስጥ ከተቱት፤ አፉን ለጠፉ፤ በላዩ ላይ «በውስጡ ያለው ፍላሽ ከቫይረስ ነፃ መሆኑን አረጋግጠናል» ብለው ጻፉ፤ ከመጋጠሚያው ላይ ፈርመው ክብ ማኅተም መቱበት። ማንም አልጠየቀዎትም። በገዛ ፈቃድዎ ነው።

ሐሙስ ጠዋት ሦስታችን ወደ አኖ ተሳፈርን፦ እኔ፣ ወይዘሮ ምንትዋብና ማሽኑ። ሲፒዩውን በጋቢ ጠቅልዬ ጭኔ ላይ ታቅፌው ነበርና አጠገቤ የተቀመጡት ሰውዬ ምን እንደሆነ ጠየቁኝ፤ በሽተኛ ነው፣ ለሕክምና እየወሰድኩት ነው አልኳቸው። ሰውዬውም ጋቢውን ዳበስ አድርገው «ዋቅኒ ሃ ፈይሱ» አሉ፤ እግዚአብሔር ይማረው ማለታቸው ነው። ሲሬ ላይ ሲወርዱም ከበሩ ዞረው ደግመው መረቁት። ከመሥሪያ ቤትዎ በሰባት ሳምንት ያላገኘሁትን መልካም ቃል በአርባ ደቂቃ ከማላውቀው ሰው አገኘሁ። ወይዘሮ ምንትዋብ ደግሞ ፖስታውን በደረታቸው ከተው ቀሚሳቸው ላይ እጃቸውን እንደጫኑ ነው አኖ የደረሱት። ለእኔ እንኳን አላሳዩኝም፤ «አንቺ ተጠርጣሪ ነሽ» ነው ያሉኝ።

ኬኔ ስትሠራ ያየሁትን በአጭሩ ልንገርዎ፤ ይጠቅምዎታል። መጀመሪያ የኢንተርኔቱን ገመድ ነቀለች፤ በሽታው ከውጭ ካሉት ጌቶቹ ጋር እንዳይነጋገር ነው። ከዚያ ማሽኑን ሴፍ ሞድ በሚሉት አስነሣችው፤ ለመነሣት የግድ የሚያስፈልገው ብቻ ተነሥቶ ሌላው ሁሉ ተኝቶ የሚቀርበት አነሣስ ነው። ቀጥላ ማሽኑ ሲበራ አብሮ የሚነሣውን ዝርዝር ከፈተችና አንዱን በጣቷ አሳየችኝ፤ ስሙ ትርጉም የሌለው፣ ፊደልና ቁጥር የተዘበራረቀበት። የተፈጠረበትን ቀን ብናይ ጥቅምት 11 ይላል። እኔንና የእርስዎን ቅጽ ያገናኘው ያው ቀን። እሱን ከነሥሩ አስወገደች፤ ንጹሕ በሆነ ማሽን ባዘጋጀችው አንቲቫይረስም ሁለት ጊዜ ፈተሸችው። በሁለተኛው ምንም አላገኘም። ጥሩምባም አልነፋም፤ «ምንም የለም» ብሎ ጻፈና ዝም አለ።

እኔ ግን ዓይኔ ባዶዎቹ ፎልደሮች ላይ ነበር። ኬኔ የተደበቀውን ፋይል ሁሉ እንዲያሳይ ማሽኑን አዘዘችው። ፈዘዝ፣ ነጣ ብለው አንድ በአንድ ብቅ ማለት ጀመሩ፤ የምንትዋብ ጡረታ፣ የአቶ ሽብሩ የሱቅ ውል፣ የማን ሠርግ፣ የማን ተዝካር።

«አልሞቱም ሐረጌ፣ ተደብቀው ነው» አለችኝ።

እልል አልኩ፤ ከጎን ክፍል ሁለት አስተማሪዎች ምን ተፈጠረ ብለው መጡ። ጥሩ ጊዜ ነው የመጡት፤ ምስክር ያስፈልገን ነበርና አስቀረናቸው። ሰነዶቼን ብቻ፣ ፕሮግራም የሚባል ሳይነካ፣ ወደ ሌላ ቦታ ገልብጠን አስቀመጥን። የኢሜይሌንና የቴሌግራሜን የይለፍ ቃል ከንጹሕ ስልክ ቀየርን።

ከዚያ ፖስታው ወጣ። ሁለቱ አስተማሪዎች አገላብጠው አዩት፤ ማኅተሙ ሙሉ ነው፣ ፊርማው አልተቋረጠም፣ አፉ አልተነካም። በስልክ ፎቶ አነሡት፤ ወይዘሮ ምንትዋብ በእጃቸው ቀደዱት። ኬኔ ፍላሹን ለፈተሻ በተለየ ኮምፒውተር ላይ ሰካችው። ክቡርነትዎ፣ የእርስዎ ቅጽ ጥጉ ላይ ጎባጣ ቀስት አውጥቷል። አጠገቡ፣ ተደብቆ፣ ያ ትርጉም የሌለው ስም ተቀምጧል፤ በፊደል፣ በቁጥር፣ በነጠላ ሰረዙ ከእኔ ማሽን ከወጣው ጋር አንድ ነው። ወይዘሮ ምንትዋብ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው «እንዲህ ያለውን ነገር ነው በጡቴ ሥር አቅፌ ያመጣሁት?» አሉ።

ማኅተምዎ ስለመሰከረልኝ ከልብ አመሰግናለሁ። ፖስታው ባይታሸግ ኖሮ «ሐረግ በመንገድ ላይ ነክታው ነው» ይሉ ነበር፤ እኔም መልስ አይኖረኝም ነበር። አሁን እንዲያ ለማለት በመጀመሪያ የራስዎን ፊርማ መካድ ይኖርብዎታል።

3ኛ. ስለ ማስታወቂያው።

ወደ ዘለልኩት ተመልሻለሁ። ኮምፒውተሬ ድኗል፣ ምስክር አለኝ፣ ፎቶ አለኝ፣ ፖስታው አለኝ። ካሣ አልጠይቅም። ይቅርታም ቢሆን በኮሚቴ የሚታይ ከሆነ ይቅርብኝ። የምጠይቀው አንድ ወረቀት ከአንድ በር ላይ እንዲነሣ ነው። የለጠፈው እጅ ቢያነሣው ደግሞ ደስታዬ እጥፍ ይሆናል። ሰባት ሳምንት ሙሉ ያነበበው ሕዝብ ሲነሣም ማየት ይገባዋል።

ለመሥሪያ ቤትዎ ኮምፒውተር ደግሞ፣ ቂም ስለማላውቅ፣ በሬ ክፍት ነው። በጋቢ ጠቅልለው መንገዱን ተሻግረው ቢያመጡልኝ ኬኔ እንዳሳየችኝ አድርጌ አክምልዎታለሁ፤ ፎርማት አድርጌ አልደመስስብዎትም። ቀድመው ግን ፊት ለፊት ያለውን እሽግ ማንሣት ይችላሉ፤ ምንም አልከለከለም።

በትህትና፣ በአክብሮት፣ ሁለት ጊዜ በተፈተሸ ንጽሕና፣ ለክቡርነትዎ ጤናና ለሠላሳ ሰባቱ ሰላማዊ ሽኝት ዘወትር የምትጸልየው፣ ከመንገዱ ማዶ ያለችው ጎረቤትዎ፣

ሐረግወይን እሸቱ
(ፊርማ አለው፤ ማኅተም ግን የለኝም፣ ከማኅተም ምን እንደሚመጣ አይቻለሁ)

ግልባጭ፦
ለወይዘሮ ምንትዋብ፣ ለምስክርነታቸው
ለአቶ ሽብሩ፣ ለፍላሹ
ጋቢዬን ለመረቁት የሲሬ ሰውዬ፣ ባሉበት

ማሳሰቢያ፦ ይህን ደብዳቤ በፍላሽ ልልክልዎ አስቤ ነበር፤ የእርስዎ ኮምፒውተር እንዳያስይዝብኝ ፈርቼ በወረቀት አድርጌዋለሁ። የልደታ ዕለት በየዓመቱ ሰፈሩ ውጭ ወጥቶ አብሮ የሚበላውን ንፍሮ ዘንድሮ የምቀቅለው እኔ ነኝ፤ የሚበላውም በመሥሪያ ቤትዎ በር ላይ ነው። ቅዳሜ ስለሆነ ቢሮ ዝግ ነው እንዳይሉኝ፤ ማስታወቂያው የተለጠፈው በውጭ በኩል ነው፣ ቁልፍ አይፈልግም። መሰላል ከአቶ ሽብሩ ሱቅ ተበድሬያለሁ፤ የክቡርነትዎ እጅ ከላይ፣ የእኛ እልልታ ከታች ይሆናል። ንፍሮው የሃይማኖትም የቋንቋም ልዩነት አያውቅም፤ ቅጽ ሊገለብጥ ተሰልፎ የሚያውቅ ሁሉ ተጠርቷል፤ ፍላሽ ይዞ መምጣት አያስፈልግም። ቅዳሜ፣ ግንቦት 1 ቀን፣ ከጠዋቱ በአራት ሰዓት፣ ሁላችሁም ኑ።